ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ መንገድ ላይ ወድቆ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሰሞኑን ታክሲ ለመያዝ ተሰልፈን ሳለን ከፊቴ የነበረ ወጣት ድንገት ጮኾ ወደቀ፤ ሰውነቱ ግትር ብሎ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ አረፋም ደፈቀ። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ አፍንጫው አስጠጋለት፤ ሌላው የገጠመ ጥርሱን በቁልፍ ለማስከፈት ታገለ፤ የቀሩት ደግሞ «አትንኩት፣ ይጋባል» እያሉ ራቁ። እኔም ፈርቼ ቆሜ ቀረሁ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹልን ሁኔታ የሚጥል በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚታየውን መንቀጥቀጥ ይመስላል። እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ስለዚህ በአጠገቡ ካለ ሰው የሚጠበቀው፣ እስኪቆም ድረስ የወደቀው ሰው እንዳይጎዳ መጠበቅ፣ ከቆመ በኋላም ትንፋሹ እንዳይታፈን ማድረግ ነው።

ክብሪት የሚጫረው በቅን ልቦና እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልማዱ ሥር የሰደደበትም ምክንያት አለው። ሰዎች ተሯሩጠው ክብሪት እስኪያገኙ ድረስ መንቀጥቀጡ የሚያበቃበት ጊዜ ስለሚደርስ፣ ያስቆመው ጢሱ ይመስላቸዋል። የክብሪት ጢስ ግን በአንጎል ውስጥ የተነሣውን የኤሌክትሪክ መዛባት አያስቆምም፤ ይልቁንም በውስጡ ያለው የድኝ ጋዝ፣ ቀድሞውንም በቂ አየር ያላገኘውን ሰው መተንፈሻ ይቆጠቁጣል፣ ነበልባሉም ፊቱን ሊያቃጥል ይችላል። ምላሱን ይውጣል የሚለውም ስጋት መሠረት የለውም። ምላስ ሊነከስና ሊደማ ይችላል፤ ቁስሉ ግን በአብዛኛው በራሱ ይድናል። በገጠመ ጥርስ መካከል ቁልፍ ወይም ማንኪያ ሲገባ ግን ጥርስ ይሰበራል፣ ስባሪውም ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል። እባክዎ ምንም ነገር አፉ ውስጥ እንዳይገባ ይከላከሉ፣ ውኃም ቢሆን።

በሽታው በምራቅም ሆነ በአረፋ፣ በመንካትም ሆነ በትንፋሽ አይተላለፍም። ይህን በተለይ አጥብቄ የምናገረው፣ «ይጋባል» በሚል ፍርሃት ብቻ ሰው አስፋልት ላይ ወይም ምድጃ ዳር ወድቆ ሳይነሣ ስለሚቀር ነው። በሚነድ እሳት ላይ ወድቀው ክፉኛ የሚቃጠሉ ሕሙማን ሕክምና ቤት ይመጣሉ፤ ቀድሞ የጎተታቸው ሰው ቢኖር ብዙው ጉዳት ይቀር ነበር።

እንግዲህ በመጀመሪያ ሰዓት ይመልከቱ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ ሁሉ በደቂቃ ይለካል። መኪና፣ እሳት ወይም ስለት ካለ እሱን ያርቁ፤ ካልተቻለ ሰውየውን ያርቁ። ጃኬት ወይም ነጠላ አጣጥፈው ከራሱ ሥር ያድርጉ፣ የአንገት ቁልፉን ይፍቱ፣ መነጽር ካለው ያውልቁለት። እጅና እግሩን ጨብጠው ለማስቆም አይታገሉ፤ ጡንቻ ወይም ትከሻ ሊጎዳ ይችላል። መንቀጥቀጡ ጋብ እንዳለ በጎኑ ያስተኙት፦ በአጠገቡ ተንበርክከው ወደ እርስዎ ያለውን ክንዱን ወደ ጎን ይዘርጉ፤ ባሻገር ያለውን እጁን አምጥተው የእጁን ጀርባ ወደ እርስዎ ባለው ጉንጩ ላይ ያኑሩ፤ ባሻገር ያለውን ጉልበቱን አጥፈው ወደ እርስዎ ይሳቡት። ከዚያ ራሱን በጥቂቱ ወደ ኋላ ቀና አድርገው አፉን ወደ መሬት ያዘንብሉት፤ ምራቁና ትውከቱ ወደ ሳንባ ሳይገባ በጉንጩ በኩል ይወርዳል።

ይህን ሲያደርጉ ትንፋሹን ይመልከቱ። ልቡ በድንገት የቆመ ሰውም ለአጭር ጊዜ ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል፣ መንቀጥቀጡ ቆሞ ደረቱ ከፍ ዝቅ የማይል ከሆነ፣ ወይም እንደ ማጣጣር ያለ የተቆራረጠ ትንፋሽ ብቻ ካለው፣ ወዲያው በጀርባው አስተኝተው በሁለት መዳፍ የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይጫኑ፤ ሌላ ሰውም አምቡላንስ ይጥራ።

መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ በላይ በላዩ ከተደገመ፣ ሴቲቱ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ የስኳር ሕመም ካለበት፣ ውኃ ውስጥ ከወደቀ፣ ራሱን ክፉኛ ከተመታ፣ ወይም በሕይወቱ የመጀመሪያው ከሆነ ሳይጠብቁ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ፤ አዲስ አበባ ላይ 939 የእሳትና የድንገተኛ አደጋ ቁጥር ነው። ትኩሳት ያለበት ሕፃን ከተንቀጠቀጠም፣ ቢቆምለት እንኳ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ወባ ባለባቸው አካባቢዎች ይህ ለነገ አይባልም።

ሰውየው ሲነቃ ግራ ይጋባል፣ ሊያንቀላፋም ይችላል፤ ይህ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ሽንት አምልጦት ከሆነ በነጠላ ይሸፍኑት፣ የተሰበሰበውን ሰው ያርቁ፣ ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ ካለ ይከልክሉት። ሙሉ በሙሉ እስኪነቃ ድረስ ምግብም መጠጥም አይስጡት። ከዚያ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ በየትኛው ጎኑ እንደጀመረና ዓይኑ ወዴት ዞሮ እንደነበር ይንገሩት፣ ወይም ጽፈው ኪሱ ውስጥ ያድርጉለት። እሱ ምንም አያስታውስም፤ የሚያክመው ሐኪም ግን መድኃኒቱን ሲመርጥ የሚመራው በአብዛኛው በዚህ የዓይን ምስክርነት ነው።