አዲስ ሞዴል ካራቫን ለመግዛት ለምትጣደፉ የእንግሊዝ ሀበሾች

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ በሽታ ገብቶብናል። ድሮ መርሰዲስ ነበር፣ ከዛ አዲስ አበባ ላይ ቪላ፣ አሁን ካራቫን፣ ማለት በመኪና የሚጎተተው ቤት። ኮቪድ ጊዜ ሀገር ቤት መሄድ ሲቸግር የጀመሩት ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ፣ ዛሬ ግን በየሰርጉ በየክርስትናው "አዲሱን ሞዴል አየኸው ወይ?" የሚለኝ ሰው አላጣም። እኔ ካራቫን ስጎትት ብዙ ዘመኔ ነው፣ ግዙ ነው የምለው፣ ጥሩ ነገር ነው። ግን አዲስ ሞዴል እያላችሁ ገንዘባችሁ ሲበላ እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ። ቆጣ ብል ይቅር በሉኝ።

1. ወረቀት

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1997 ወዲህ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ ያለ ተጨማሪ ፈተና እስከ 3,500 ኪሎ መጎተት ይችላል፣ ሞተርዌይ ላይ ከ60 ማይል እንዳታልፉ፣ ሶስት ሌን ካለ የቀኙን አትንኩ፣ ለካራቫኑ ለብቻው ኢንሹራንስ ግቡ። አለቀ።

2. ክብደት

ስንቱ ነው መጀመሪያ ካራቫን ገዝቶ ከዛ "መኪናዬ ይጎትተዋል ወይ" ብሎ የሚደውልልኝ! ወንድሜ፣ ኡበር የምትሰራበት ፕሪየስ ካራቫን መጎተቻ አይደለም። መኪናህ ላይ የተለጠፈችውን የክብደት ሰሌዳ እያት፣ የመኪናውና የተጎታቹ ድምር ክብደት እዛ ላይ ካልተጻፈ መኪናው እንዲጎትት አልተፈቀደለትም ማለት ነው። ከተፈቀደለትም ለጀማሪ የሚመከረው ካራቫኑ ከነጭነቱ ከመኪናው ባዶ ክብደት 85 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ነው። መኪናህ 1,600 ኪሎ ከሆነ 1,360 ላይ ታቆማለህ።

አዲሶቹ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ሌላ ተንኮል አለ። ብሮሹሩ ላይ የምትጭነው 150 ኪሎ ምናምን ነው ይልሃል፣ ትልቅ ይመስላል። ሙቨሩ፣ ማለት ካራቫኑን በሪሞት የሚገፋው ሞተር፣ ብቻውን 30 ኪሎ አካባቢ ይበላል፣ ባትሪው 25 ምናምን፣ አውኒንጉ፣ ማለት ካራቫኑ ጎን ላይ የሚተከለው ድንኳን፣ ሌላ 20 እና ከዛ በላይ። የቀረህ ሰባ ኪሎ ነው፣ እሱም የአምስት ሰው ልብስ፣ የልጆች ሳይክል፣ የእናታችን ሽሮና በርበሬ፣ ረከቦቱ፣ ውሃው... ቆየት ያሉት ባለቤቶች አዲስ ሞዴል ሲወጣ መጀመሪያ የሚያዩት ይቺን ቁጥር ነው፣ የኛ ሰው ግን መብራቱን ነው የሚያየው።

3. ባለቤቶቹ ምን ይላሉ

ኩባንያዎቹ በየዓመቱ መስከረም ጥቅምት ላይ የመጪውን ዓመት ሞዴል ያወጣሉ፣ በርሚንግሃም ኤንኢሲ ኤግዚቢሽኑ ላይ ሰልፍ ነው። ግን "አዲስ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዴ እውነት አዲስ ነው፣ አንዳንዴ የመጋረጃና የስፖንጅ ጨርቅ ተቀይሮ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ዲለሩ ራሱ ያንኑ ካራቫን ወስዶ ጥቂት ነገር ጨምሮበት ሌላ ስም ለጥፎበት ነው የሚሸጥላችሁ።

የብሪስቶሉ ቤይሊ የሚሰራውን ዩኒኮርን ውሰዱ። በ2010 ነው የወጣው፣ ከዛ ሁለተኛው፣ ሶስተኛው፣ አራተኛው ትውልድ እያለ ስሙን ይዞ ቀጠለ፣ ቪጎ፣ ካዲዝ፣ ሴቪል፣ ቫሌንሲያ እየተባለ በስፔን ከተሞች ስም የሚጠራው ሁሉ የዚህ ቤተሰብ ነው። ታዲያ አንዱ "ዩኒኮርን አለኝ" ሲላችሁ የትኛውን ትውልድ ብላችሁ ካልጠየቃችሁ ወሬው አይጠቅማችሁም። የመጀመሪያው ክርክር ማሞቂያ ነው። በውሃ የሚሰራውን አልዴ የሚባለውን የያዙት ሰዎች ይወዱታል፣ ድምፅ የለውም፣ ሙቀቱ ከጥግ እስከ ጥግ እኩል ነው፣ ክረምት ላይ የሚወጣ ሰው ይመርቀዋል። ግን እስኪሞቅ ቀስ ይላል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ደግሞ እንደ ዓይነቱ በየሁለት ወይም በየአምስት ዓመቱ መቀየር አለበት። ይቺን የመጨረሻዋን ዲለሩ አይነግራችሁም፣ ከተጠቀመበት ሰው ነው የምትሰሟት።

ሁለተኛው ክርክር አልጋ ነው። መሃል ላይ የሚቆመውን በሁለቱም በኩል የሚወረድበትን ትልቅ አልጋ ጡረተኞቹ ፈረንጆች ሞተውለታል፣ ልክ ናቸው፣ ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ ማንም ማንንም አይረግጥም። እኛ ግን ሶስት አራት ልጅ ነው ያለን! ልጆቹ ፊት ያለው ሶፋ ላይ ከተኙ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቱ ተዘጋ፣ አባትና እናት ጨለማ ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጠው ስልክ ማየት ነው። ልጅ ያለው ሰው ተደራራቢ አልጋ ያለውን ይፈልግ፣ ስዊፍት ከሚሰራው ውስጥ ስፕራይት የሚባለው ቀላሉና ረከስ ያለው መስመር ላይ ይገኛል፣ አያብረቀርቅም፣ ግን ቤተሰብ ይይዛል።

ሶስተኛው ውሃ ነው፣ ዳምፕ የሚሉት። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ ግድግዳቸው ውስጥ እንጨት የለም ይላሉ፣ ባለቤቶቹም በዚህ ደስተኞች ናቸው፣ የድሮው እንጨቱ በስብሶ በጣት ይበሳ ነበር። ግን ዝናብ በመስኮት ጎማና በጣሪያ መስኮት ዙሪያ ዛሬም ይገባል። እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ዋስትና ሲሰጧችሁ ትንንሹን ጽሑፍ አንብቡት፣ በየዓመቱ በሰዓቱ ሰርቪስ ካላስገባችሁ ዋስትናው ተቃጠለ።

ሌላው፣ አምስት መቶ ፓውንድ ቀነሰልኝ ብላችሁ ሶስት ሰዓት የሚያስነዳ ቦታ ሄዳችሁ አትግዙ። የመጀመሪያ ዓመት ምርት ሁሌም የሚለቀም ነገር አለው፣ የቁም ሳጥኑ በር አይዘጋም፣ ቧንቧው ይንጠባጠባል፣ ታዲያ ሰፈራችሁ ያለው ዲለር ከሱ ያልተገዛውን ካራቫን የሰልፉ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሰኔ ላይ አስገብታችሁ ጥቅምት ላይ ትወስዱታላችሁ።

እና ማንን ልጠይቅ ለምትሉኝ፣ ትናንት የገዛውን አትጠይቁ፣ እሱ ገና ሚስቱን እያሳመነ ነው። ሁለት ክረምት ያሳለፈበትን ጠይቁ።

4. ወጥ ቤት

ሳይቱ፣ ማለት ካራቫን የሚቆምበት ካምፕ፣ ላይ የምትሰኩት መብራት ብዙ ጊዜ 16 አምፔር ነው፣ አንዳንዱ ጋ 10 ብቻ። ሚስትህ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ለኩሳ አንተ የቤቱን ትልቅ ማንቆርቆሪያ ከሰካህ በ10 አምፔር ላይ ጧ ብሎ ይጠፋል፣ 16ቱም ላይችል ይችላል። እንጀራ ጋግራችሁ ኑ።

ከሰል ግን! ካራቫን ውስጥም አውኒንግ ውስጥም ከሰል እንዳታስገቡ፣ "በሩ ክፍት ነው" አትበሉኝ፣ "እያለቀ ያለ ፍም ነው" አትበሉኝ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ ትቀራላችሁ። ቡናው ደጅ ይፈላ፣ ዝናብ ከሆነ በካራቫኑ ምድጃ አፍሉት፣ የከሰል ጋዝ ሲኖር የሚጮኸውን አላርምም አታጥፉት፣ አትሸፍኑት።

5. ፋይናንስ

ይሄን ለመጻፍ ነው የተነሳሁት። አንድ የማውቀው ሰው አለ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ "ለልጆቼ ብዬ ነው" ብሎ አዲስ ሞዴል በረጅም ዓመት ብድር ገዛ። ወር በወር የሚከፍለው ሲከብደው ቅዳሜ ሺፍት ጨመረ፣ ከዛ እሁድን። ባለፈው ቤቱ ሄጄ ካራቫኑ ደጅ ቆሟል፣ ጣሪያው አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል፣ ውስጥ ገብቼ ሳይ የፍራሹ ላስቲክ እንኳን አልተነሳም። ልጆቹ ሳሎን አይፓድ ላይ ናቸው። አባትየው ስራ። የካራቫኑ እዳ ካራቫኑ የተገዛለትን ቅዳሜና እሁድ በላው እኮ! ማንን ነው የምናታልለው?

አስቡት፣ ሶስትና አምስት ዓመት ያገለገለ፣ ሌላ ሰው ጉድለቱን አስለቅሞ የጨረሰው ካራቫን ከአዲሱ በብዙ ሺህ ፓውንድ ይረክሳል፣ አዲሱ ከዲለሩ ግቢ በወጣበት ቀን ነው ዋጋው የሚወርደው። ግን እኛ "ያገለገለ ገዛ" እንዳንባል። ማን እንዳይለን? ያው ራሱ ተበድሮ የገዛው ሰው።

ካራቫን ማለት እኮ ዌልስ ውስጥ ኔትዎርክ የሌለበት ሸለቆ ላይ ዝናብ ሲይዛችሁ ነው። ልጁ ስልኩን አስር ጊዜ ያነሳል፣ አይሰራም፣ መጨረሻ ላይ ካርታ እንጫወት ይላል፣ ካርታ ሲጫወት ይከራከራል፣ ሲከራከር እናቱን ለማሸነፍ በአማርኛ መናገር አለበት። የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን መምህራን ይባረኩ፣ ግን በሳምንት ሁለት ሰዓት ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? እኛ ስንጀምር ትልቋ ልጄ ኮሌጅ ልትገባ ደርሳ ነበር፣ ከኛ ጋር መውጣት ነውር የሆነባት ዕድሜ፣ ዛሬ አያቷ ስትደውል "ደህና ነኝ" ብላ ስልኩን ለኔ ትሰጠኛለች። ትንሹ ግን ካራቫን ውስጥ ነው ያደገው፣ ከአያቱ ጋር ግማሽ ሰዓት ያወራል፣ ይቀልድባታል፣ ትስቃለች። ይሄን ሳይ ትልቋ ላይ ያመለጠኝ ነገር ውስጤን ይበላኛል። ስለዚህ አባቶች፣ ሺፍት ቀንሱ! ካራቫኑ ያረጀ ይሁን፣ እናንተ ግን ውስጡ ኑሩ።

6. ያገለገለ ስትገዙ

የዳምፕ መለኪያ ያለው ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከ20 ፐርሰንት በላይ ካሳየ ተዉት። ጎማው ላይ ያለችውን አራት አሃዝ አንብቡ፣ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ ጥርሱ ምንም ያልተበላ ቢሆን ሰባት ዓመት ያለፈው ጎማ አይነዳም። መስኮቱ ላይ የተቀረጸውን 17 ፊደልና ቁጥር ክሪስ ከሚባለው የካራቫኖች መዝገብ ጋር ሳታመሳክሩ ብር እንዳትሰጡ፣ የተሰረቀ ወይም እዳ ያለበት ሊሆን ይችላል። ለነሐሴ የምትፈልጉ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ያሉት ሳይቶች ቀድመው ነው የሚሞሉት፣ አሁኑኑ ቡክ አድርጉ።