ለአሮጌ ዲቲ ሙሉ ወንበር ፍለጋ አትድከም

ከዘጌ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። ከአባትህ የወረስከው ያማሃ ዲቲ 125 ሞተርሳይክል አለህ። የወንበሩ ልብስ ተቀዷል፤ ስፖንጁ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ጠጥቷል፤ ከሥር ያለው ላሜራም ዝጎ ተበስቷል። ባሕር ዳርን ብታስስ ሙሉ ወንበር አጣህ። አንድ ነጋዴ ደግሞ የቻይና ሞተር ወንበር «አስተካክዬ እገጥምልሃለሁ» ብሎሃል።

የነጋዴውን ነገር ተወው። የሌላ ሞተር ወንበር ከፊት መሰኪያውም ከኋላ የብሎን ቀዳዳውም አይገጥምም። በብረት ቁራጭ ቢያያዝ እንኳ ፍሬን ስትይዝ ይንሸራተታል።

አሮጌውን ላሜራ ግን እንዳትጥለው! ዋናው ዕቃ እሱ ነው። ሌላው እዚሁ ይሠራል።

መጀመሪያ ልብሱንና ስፖንጁን አውልቅ። ስፖንጅ እሳት ሲነካው ጭሱ መርዝ ነው። ባዶውን ላሜራ ሞተሩ ላይ እሰረው፤ ቀዳዳዎቹ መግጠማቸውን እይና የሚጠገነውን ቦታ በጠመኔ አስምር። ከዚያ ወርዶ ይበየድ። «እዚያው ላይ ላያይዘው» የሚል በያጅ ካጋጠመህ በፍጹም እሺ አትበል፤ ቤንዚኑ አጠገቡ ነው። የበሰበሰው እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ይቆረጥ። ዝገት ላይ የተበየደ ብረት አይቆይም። ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባ፤ ዝቅ ያለው ቦታ ላይም ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳ። ውኃ መግባቱ አይቀርም። መውጫ ካጣ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ያንኑ ላሜራ መልሶ ይበላዋል።

ስፖንጁን ከፍራሽ ቆርጦ የሚሞላ ወንበር ሰፊ አለ። የፍራሽ ስፖንጅ ቶሎ ይተኛና ላሜራው ላይ ትቀመጣለህ። ከሥር ጠጣር፣ ከላይ ስስ ለስላሳ ስፖንጅ በማስቲሽ ይጣበቅ። ልብሱ ከመወጠሩ በፊት ተቀመጥበት። እግርህ መሬት ካልደረሰ የሚቀነሰው ያኔ ነው።

ለልብሱ የባጃጅ ወንበር የሚሰፉት ልጆች ይበቃሉ። የአሮጌውን ስፌት ፈትተህ ለልክ ስጣቸው። ስፌቱ መቀመጫው መሐል አይለፍ፤ ውኃ በመርፌ ቀዳዳ ነው የሚገባው። ከልብሱ ሥርም ላስቲክ ይነጠፍ።

ብሎንና ከላሜራው ሥር የሚገቡት ጎማዎች ይቀራሉ። ጎማ ከሌለ ብረት ብረትን እየመታ ይሰነጥቃል። ከወፍራም ጎማ ማስቆረጥ ይቻላል፤ ውፍረታቸው ብቻ እኩል ይሁን። መሥሪያ ቤቶች በጨረታ የሚያስወግዷቸውን ሞተሮች ገዝተው የሚፈቱ መካኒኮችንም ጠይቅ።

ላሜራህ ጨርሶ ካለቀና አዲስ አበባ ባለ ሰው ወንበር የምታፈላልግ ከሆነ፣ «የዲቲ ወንበር» ብቻ አትበል። ዲቲ ብዙ ዓይነት ነው። መሪው አንገት ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ፎቶ አንስተህ ላክ። የያማሃ ዕቃ ቁጥር በሞዴሉ መለያ ይጀምራል። ቀጥሎ 24730 ካለ ሙሉ ወንበር ነው፤ 24731 ካለ ልብሱ ብቻ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ዋጋ ከመስማማትህ በፊት የወንበሩን የሥር ፎቶ ጠይቅ። የላዩ ፎቶ ስለ ላሜራው ምንም አይነግርህም።