«እጇን አልይዝም!»፦ ከኦ ክፍል መምህራንና ከወላጆች የደረሱን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ቡሬ አካባቢ የኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ክፍል) መምህርት ነኝ። ክብ ሠርተን ስንጫወት የአንዲትን የሸክላ ሠሪ ልጅ እጅ የሚይዝ ይጠፋል። ሰሞኑን አንዱ ጭራሽ «ቡዳ ናት» አለ። ብቆጣም ብመክርም ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጁ ቃሉን ከቤት ሰምቶ ከልቡ ፈርቷል። የፈራ ልጅ ሲቆጡት ፍርሃቱ አይለቀውም፤ እርስዎ ፊት ዝም ማለትን ብቻ ይማራል። ስድቡም እርስዎ ወደማያዩት የሽንት ቤት መንገድ ይዛወራል።

ቃሉን እንደሰሙ ጨዋታውን ያቁሙ፤ በርከክ ብለው «ይህ ቃል ሰው ያስከፋል፤ እዚህ ክፍል ማንም በዚህ አይጠራም» ይበሉት፤ ይበቃል። ቆየት ብለው፣ ሌሎቹ ሳይሰሙ፣ «እጇን ብትይዝ ምን የምትሆን ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት። «እታመማለሁ» ካለ፣ «እኔ በየቀኑ እይዛታለሁ፤ ይኸው ደህና ነኝ» ይበሉት። ለክፍሉ ሁሉ ስለ ቡዳ ማብራሪያ መስጠት ግን አይጀምሩ፤ ቃሉን ሰምቶ የማያውቀውም ያን ቀን ይማረዋል። ልጅቷን ለብቻዋ «ያለው ልክ አይደለም፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» ይበሏት። «ተያቸው፣ ቻይው» ማለት ሸክሙን መልሶ እሷው ላይ መጫን ነው።

ከዚህ በኋላ የሚለወጠው የክፍሉ አሠራር ነው። «ጓደኛ ያዙ» የሚለውን ትእዛዝ ይተዉት፤ ሁልጊዜ የምትቀረው ያቺው ልጅ ናትና። የለስላሳ ቆርኪ ይሰብስቡ። 40 ልጅ ካለዎት 40 ቆርኪ አዘጋጅተው፣ ሁለት ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ያድርጉና ከረጢት ውስጥ ይክተቱ። ተመሳሳይ ያወጡት ሁለቱ የዕለቱ ጥንድ ናቸው። ብልጦቹ ከኋላ ሆነው ቆርኪ ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ እንደወጣ ወዲያው ተቀብለው ጥንዱን እዚያው ያቁሙ። በመጀመሪያው ሳምንት እጅ ለእጅ አያያይዟቸው። በግድ የተያዘ እጅ ይመነጨቃል፤ የምትዋረደውም ልጅቷ ናት። ገመድ ጫፍና ጫፉን ይዘው ይዙሩ፤ ግማሽ ባልዲ ውኃ ተጋግዘው ችግኝ ያጠጡ። እጅ መያያዙ በሁለተኛው ሳምንት ይደርሳል።

ሙያን ማስተዋወቁም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቅን ልቦና የልጅቷን እናት ጠርቶ «የእገሊት እናት ሸክላ ታሳየናለች» ማለት ልጅቷን ይባስ ያጋልጣታል። በየሳምንቱ በተራ ይሁን፤ መጀመሪያ ገበሬ፣ ቀጥሎ ሸማኔ፣ ከዚያ ሸክላ ሠሪ። እናቲቱን አስቀድመው ለብቻዋ ያነጋግሯት፤ ካልፈለገች ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ። ገበሬው ሲመጣ ማረሻውን መሃል ላይ ያስቀምጡና «ይህን ብረት ማን ቀጠቀጠው?» ብለው ይጠይቁ። ጤፉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተቦክቶ ምጣድ ላይ ሲደርስ፣ «ምጣዱንስ ማን ሠራው?» ይበሉ። ባለ እጆቹን ልጆቹ ራሳቸው ይቆጥሯቸዋል።

በወላጆች ስብሰባ ላይ የማንንም ልጅ ስም አያንሡ። «ይኼ የዘንድሮ ፈሊጥ ነው» የሚል ካለ፣ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. መሆኑን ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ልጅ እኩል የማይ ይመስለኛል፤ የሥራ ባልደረባዬ ግን «ለወንዶቹ ታደያለሽ» አለችኝ። እንዴት ላረጋግጥ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ያቺኑ ባልደረባዎን የስም ዝርዝር ይዛ ከኋላ ትቀመጥ ዘንድ ይለምኗት፤ ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ። ልጅ በጠሩ ቁጥር ነጥብ፣ ባሞገሱ ቁጥር ሰረዝ፣ በገሠጹ ቁጥር ክብ ታድርግ። የሙገሳውን ቃልም ትጻፍ፤ ወንዱ ለመልሱ «ጎበዝ» ሲባል ሴቷ ለዝምታዋና ለሹሩባዋ ብቻ የምትሞገስ ከሆነ፣ የነጥቡ ቁጥር እኩል ቢሆንም አድልዎው አለ።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ ዝም ይሉ የነበሩትም ይመልሳሉ። በልብዎ ሦስት ይቁጠሩ፤ መጀመሪያ በጣም ይረዝምብዎታል። ተራውን የልጆቹ ስም የተጻፈባቸው እንጨቶች ይወስኑ። የወጣውን እንጨት መልሰው እዚያው ጣሳ ውስጥ ይክተቱት፤ ለብቻ ከተቀመጠ «የእኔ አለቀ» ብሎ የሚዘናጋ ይበዛል።

ዝም ያለው ልጅ ከአዊ የመጣ አገውኛ ተናጋሪ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ፍርሃት ላይሆን ይችላል። ከእናቱ አምስት ቃል ይማሩ፦ ውኃ፣ ሽንት፣ አመመኝ፣ ና፣ ጎበዝ።

ጥያቄ፦ ልጄ ግራኝ ነው። መምህሩ እርሳሱን ወደ ቀኝ እጁ ያዞሩበታል። ልክ ነው? (ከሞጣ)

መልስ፦ አይደለም። በቀኝ መብላትና ሰው መጨበጥ የቤት ሥርዓት ነው፤ መጻፊያ እጅ ግን ሲቀየር ልጁን ያዘገየዋል፣ ትምህርቱንም ያስጠላዋል። መምህሩን በትሕትና ሦስት ነገር ይለምኗቸው፦ ክርኑ ከጎረቤቱ ጋር እንዳይጋጭ በዴስኩ ግራ ጫፍ ይቀመጥ፤ የደብተሩ የላይኛው ግራ ጥግ ከፍ እንዲል ደብተሩ ወደ ቀኝ ዘመም ይበል፤ እርሳሱን ከጫፉ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርጎ ይያዝ፤ አለዚያ የጻፈውን ፊደል በእጁ ይሸፍነዋል።