ካቴተሩ በየት በኩል ልብ ይደርሳል? ለጅማ ጠያቂዎች መልስ

ሰላም የጅማ ሰዎች። ስለ ልብ ደም ሥሮችና ስለ ካቴተር (በደም ሥር ስለሚገባ ቀጭን ቱቦ) ምርመራ የመጡልኝን ጥያቄዎች ልመልስ። የሰውነት አወቃቀር መምህር ስለሆንኩ ጉዳዩን በጣም እወደዋለሁ።

መምህር፣ ልብ ውስጡ ሁሌ ደም አለ። ለምን ሌላ ደም ሥር ያስፈልገዋል? (ከቦሳ ኪቶ)

ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ በውስጡ የሚያልፈው ደም ዘልቆ አይመግበውም። ስለዚህ አኦርታ (ደምን ከልብ ወደ ሰውነት የሚያወጣው ትልቁ ደም ሥር) ከልብ እንደወጣ፣ ከቫልቩ (ከመውጫ በሩ) ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቀኝና ግራ ኮሮናሪዎች፣ ማለትም ልብን ራሱን የሚመግቡት ደም ሥሮች፣ ይነሳሉ። ግራው ብዙ ሳይርቅ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ከፊት ቁልቁል ይወርዳል፤ የፊተኛውን ግድግዳና አብዛኛውን የመሀል ግድግዳ ይመግባል። ሌላው በግራ ጎን ዞሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቀኙ ደግሞ የቀኝ ክፍሉን፣ በአብዛኛው ሰው ላይም የታችኛውን ግድግዳ ይይዛል።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ የግራው የልብ ጡንቻ ደሙን በብዛት የሚያገኘው ልብ ሲላላ ነው። ሲኮማተር የራሱን ሥሮች ይጨምቃቸዋል። ልብ ሲፈጥን የመላላቱ ጊዜ ያጥራል። ሥሩ የጠበበበት ሰው ዳገት ሲወጣ ደረቱን ጨምድዶ የሚይዘው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አባቴን "በእጅዎ በኩል እንገባለን" አሏቸው። እጅን ከልብ ምን አገናኘው?

መንገዱ አንድ ነው። ካቴተሩ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ቱቦ ነው። ከእጅ አንጓ ተነስቶ በክንድ፣ በብብት፣ በአንገት አጥንት ሥር አልፎ አኦርታ ይገባል። ከዚያ በደሙ ፍሰት ተቃራኒ ቁልቁል ወርዶ የኮሮናሪው አፍ ላይ ይቆማል። እዚያ በኤክስሬይ የሚታይ ፈሳሽ ይረጫል፤ የጠበበው ቦታ ይታያል። በብሽሽት ከተገባ በሆድና በደረት አኦርታ ሽቅብ ይወጣል። ደረት አይከፈትም፤ ይህን ለአባትህ በደንብ ንገራቸው።

ያማል?

የሚደነዝዘው መግቢያው ብቻ ነው፤ ሰውየው ነቅቶ ይቆያል። ካቴተሩ በሥሩ ውስጥ ሲሄድ ብዙ ጊዜ አይሰማም።

እህቴን "የቀኝ ልብ ካቴተር" አሏት። ያው ነው?

አይደለም። እሱ በደም መላሽ ሥር ገብቶ በቀኝ ልብ አልፎ የሳንባ ደም ሥር ውስጥ ግፊት ይለካል። ኮሮናሪዎቹ ጋ አይደርስም።

ማን ደፍሮ ጀመረው? (ከአጋሮ)

ቨርነር ፎርስማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1929። በገዛ ክንዱ ደም መላሽ ሥር አስገብቶ፣ በእግሩ ሄዶ ኤክስሬይ ተነሳ። በ1956 ከሁለት ባልደረቦች ጋር ኖቤል ተሸለመ። ኮሮናሪን ለይቶ በፊልም ማሳየት የመጣው በ1958 በሜሰን ሶንስ ነው። የጠበበውን ኮሮናሪ በፊኛ መክፈት ደግሞ በ1977፣ በአንድሪያስ ግሩንትዚግ።

ከምርመራው በፊት ቡናና ጫትስ?

ቡናን ለጅማ ሰው መከልከል ከባድ ነው፤ ግን የነገሯችሁን የጾም ሰዓት ጠብቁ። በምርመራው ጊዜ የልብ ደም ሥሮችን የሚያሰፋ አዴኖሲን የሚባል መድኃኒት የሚሰጥ ከሆነ ካፌይን ሥራውን ያዳክመዋል። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል፤ ኮሮናሪንም ሊያጠብ ይችላል። ስለዚህ ከቃማችሁ ለሐኪሙ አትደብቁ። የኩላሊት ችግር፣ አለርጂ፣ ሜትፎርሚን (የስኳር በሽታ መድኃኒት) ወይም ደም ማቅጠኛ ካለም ቀድማችሁ ተናገሩ። ደም ማቅጠኛውን በራሳችሁ አታቋርጡ።