የውስጡን ግድግዳ ነጭ ባደርገው የውጭውም ነጣ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የጂ+2 መኖሪያ ቤት በሬቪት (የሕንፃ ንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም) እየሠራሁ ነው። የውጭ ግድግዳውን ማቴሪያል ቀድቼ፣ ስሙን ቀይሬ ለውስጡ ተጠቀምኩበት። የውስጡን ነጭ ባደርገው የውጭውም አብሮ ነጣ። ያልተለሰነው የአጥር ብሎኬት ደግሞ ሬንደር ሲደረግ (እውነተኛ የሚመስለው ምስል ሲወጣ) የክብሪት ቀፎ ያህል ሆኖ ይታያል። ስህተቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ የቀዱት ማቴሪያሉን ነው፤ መልኩ ግን አልተቀዳም። ሬንደር ላይ የሚታየው መልክ «አፒራንስ አሴት» በሚባል ለብቻው በተቀመጠ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ሁለት ማቴሪያሎች አንዱን አሴት ሊጋሩት ይችላሉ፤ የእርስዎ ግድግዳዎችም እየተጋሩ ነው።

«ማኔጅ» ከሚለው ትር «ማቴሪያልስ»ን ከፍተው የውስጡን ግድግዳ ይምረጡና «አፒራንስ» ውስጥ ይግቡ። ከላይ በኩል ቁጥር ያለበት የእጅ ምልክት ያገኛሉ። 0 ካለ አሴቱ የዚያ ማቴሪያል ብቻ ነው። ሌላ ቁጥር ካለ ቀለሙን ከመንካትዎ በፊት እዚያው ያለውን የማባዣ ምልክት ተጭነው ለአዲሱ አሴት ስም ይስጡት። ወደፊት ሲቀዱ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ዱፕሊኬት ማቴሪያል ኤንድ አሴትስ» የሚለውን ይምረጡ፤ «ዩዚንግ ሼርድ አሴትስ» የሚለው መልኩን እንደተጋራ ይተወዋል።

ቀለሙን ቀይረው በ«ሼድድ» እይታ ለውጥ ካላዩ፣ ያ እይታ ቀለሙን የሚወስደው ከ«ግራፊክስ» ስለሆነ እዚያ «ዩዝ ሬንደር አፒራንስ» ላይ ምልክት ያድርጉ።

የብሎኬቱ ጉዳይ የልክ ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ ለማቴሪያሉ መልክ በገባው ምስል ላይ ያለው ብሎኬት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ አያውቅም፤ እርስዎ ነዎት የሚነግሩት። ምስሉ ላይ ወደ ጎን ስንት ብሎኬት፣ ወደ ላይ ስንት ረድፍ እንዳለ ይቁጠሩ። 5 ብሎኬትና 10 ረድፍ ቢሆን፣ ብሎኬቱ 40 በ20 ሴ.ሜ፣ ፉጋው (በብሎኬቶቹ መሀል ያለው መጋጠሚያ) 1 ሴ.ሜ ከሆነ፣ ወርዱ 5 × 41 = 205፣ ቁመቱ 10 × 21 = 210 ሴ.ሜ ነው። «አፒራንስ» ውስጥ ምስሉን ሲጫኑ በሚከፈተው መስኮት «ሳምፕል ሳይዝ» ላይ ይህንኑ ያስገቡ፤ የሰንሰለት ምልክቱን ካልፈቱት አንዱን ቁጥር ሲጽፉ ሌላው በራሱ ይቀየራል። «በምፕ» (ገጹን ወጣ ገባ አስመስሎ የሚያሳየው ክፍል) ላይ የገባ ምስል ካለም ልኩ ያው ይሁን። ብዙ ሰው ይህን ይረሳና የፉጋው ጥላ ብሎኬቱ መሀል ላይ ያርፋል።

ከራስዎ ያስገቧቸው ምስሎች ከሬቪት ፋይሉ ጋር አይሄዱም። ለሌላ ሰው ሲልኩ አቃፊውን ጨምረው ይላኩ፤ ተቀባዩም «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሬንደሪንግ» ላይ የአቃፊውን መገኛ ያስገባ።