ኮምፓይል ስትጫኚ ምንም ካልመጣ ደስ ይበልሽ

እህቴ፣ «የደመወዝ ማክሮ ያለበት ኤክሴል ላይ፣ የማክሮው ኮድ በሚጻፍበት ኤዲተር ዲበግ ሜኑ ውስጥ ያለውን ‹ኮምፓይል ቪቢኤፕሮጀክት› ስጫነው ምንም አይመጣም፤ ታዲያ ምን ይሠራል?» ብለሻል። ምንም ካልመጣ ኮዱ አልፏል ማለት ነው። ሜኑውን መልሰሽ ክፈቺው፤ ጽሑፉ ደብዝዞ አልነካ ይላል። አንድ መስመር ስትቀይሪ እንደገና ይበራል። ይህን አስቀድሜ የምለው «ተበላሸብኝ» ብሎ ኦፊስ አራግፎ እንደገና የሚጭን ሰው ስለማይጠፋ ነው።

ኮምፓይል ለብቻው የሚሠራ ፕሮግራም አያወጣልሽም። የፕሮጀክቱን ሞጁሎች (ኮድ የሚጻፍባቸው ገጾች)፣ ፎርሞችና ከሺት ጀርባ ያሉ ኮዶች በሙሉ አንብቦ ፒ-ኮድ ወደሚባል መልክ ይቀይራል፤ ማክሮው የሚሮጠው በዚያ ነው። ሲቀይር ያልገባው ነገር ካጋጠመው እዚያው ይቆማል፦ ያልተዘጋ ኢፍ፣ ኔክስት የሌለው ፎር፣ የትም ያልተጻፈ ፕሮሲጀር (ስም የተሰጠው የኮድ ክፍል) መጥራት፣ ለፕሮሲጀር መሰጠት የነበረበት ግን የጎደለ ዋጋ (አርጊውመንት)። በአንድ ጊዜ የሚያሳይሽ አንድ ስህተት ብቻ ስለሆነ እያስተካከልሽ ሜኑው እስኪደበዝዝ ትጫኛለሽ። ከዚያ ሴቭ አድርጊ፤ አለዚያ የተቀየረው ኮድ ፋይሉ ውስጥ አይገባም።

«ሳልጫነውም ማክሮው ይሠራል እኮ» ትይ ይሆናል። ልክ ነሽ። ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ጄነራል ውስጥ «ኮምፓይል ኦን ዲማንድ» ምልክት ስላለበት ኤክሴል የሚያየው ለጊዜው የተጠራውን ኮድ ብቻ ነው። በዓመት አንዴ የሚነካው የቦነስ ሞጁል ስህተቱን ታቅፎ ይተኛና የሚፈነዳው ቦነስ ሊከፈል ሲል ነው።

እንግዲህ ተራ በተራ፦

1. በየሞጁሉ አናት ላይ «ኦፕሽን ኤክስፕሊሲት» ይኑር። ከሌለ የጡረታውን 7 በመቶ አስልተሽ «ፔንሽን» የሚል ቫሪያብል (ዋጋ የሚያዝበት ስም) ውስጥ ታስቀምጫለሽ፤ የተጣራውን ስታሰዪ ግን ስሙን አንድ ፊደል ትስቻለሽ። ኤክሴል በዚያ ስም ባዶ ቫሪያብል ይፈጥርና ዜሮ ይቀንሳል። መሠረታዊ ደመወዙ 20,000 ብር የሆነ ሠራተኛ 1,400 ብር ሳይቀነስበት ይሄዳል፤ ኤረር የሚባል ነገር የለም። ኦፕሽን ኤክስፕሊሲት ካለ ግን ኮምፓይል ስትጫኚ የተሳተውን ቃል መርጦ «ቫሪያብል ኖት ዲፋይንድ» ይልሻል። ኦፕሽንስ ውስጥ «ሪኳየር ቫሪያብል ዲክላሬሽን» የሚለውን ብታበሪ ለአዲስ ሞጁል ብቻ ነው የሚጽፍልሽ፤ የቆዩት ላይ በእጅሽ አስገቢው። እዚያው ያለውን «ኦቶ ሲንታክስ ቼክ» አጥፊው። መስመሩ መቅላቱ ይበቃል፣ በየመሃሉ የሚዘለው መስኮት ሥራ ያስፈታል።

2. «ካንት ፋይንድ ፕሮጀክት ኦር ላይብረሪ» ካለሽ የተመረጠውን ቃል አትመኚ። ሌፍት ወይም ፎርማት የመሰለ ምንም ያላጠፋ ፈንክሽን ላይ ይቆማል። ማክሮው መሃል ላይ ቆሞ ከሆነ መጀመሪያ ሪሴት በዪ፤ ቀጥሎ ቱልስ፣ ሪፈረንስስ ገብተሽ «ሚሲንግ» የሚል ፈልጊ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው፣ የደመወዝ ወረቀት በኢሜይል እንዲልክ ተብሎ በአዲስ ኦፊስ ላይ የተመረጠ የአውትሉክ ላይብረሪ (ማክሮው አውትሉክን የሚያዝበት የኮድ ስብስብ) ነው፤ አሮጌ ኦፊስ ያለው ኮምፒውተር አያገኘውም። «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ ፋይሉን የሚመልስልሽ አይቲ ይህን ዝርዝር ከፍቶ አያይም፤ የየቢሮው በሽታ ነው። ፋይሉ ከማሽን ማሽን የሚዞር ከሆነ ምልክቱን አንሺና አውትሉክን የሚይዘውን ቫሪያብል «አዝ ኦብጀክት» ብለሽ በ«ክሪኤት ኦብጀክት» ክፈቺው። የአውትሉክ ኮንስታንቶች (ቁጥርን የሚተኩ ስሞች) ያን ጊዜ ስለማይታወቁ ለአዲስ ኢሜይል 0 ብለሽ ትጽፊያለሽ። ዋጋ አለው ታዲያ፦ ኦብጀክት ያልሽውን ነገር ኮምፓይል አይመረምርም፤ ሜተድ (ኦብጀክቱ የሚታዘዝበትን ስም) ተሳስተሽ ብትጽፊ የምታውቂው ማክሮው ሲሮጥ በኤረር 438 ነው።

3. ኦፊሱ 64 ቢት ከሆነ ዲክሌር የሚሉ (የዊንዶውስ ፈንክሽን የሚያስገቡ) መስመሮች «ፒቲአርሴፍ» (PtrSafe) ይጨመርባቸው። ለአሮጌ ኦፊስም ብለሽ በ«#ኢፍ ቪቢኤ7» ፒቲአርሴፍ ያለውንም የሌለውንም ከጻፍሽ የማያስፈልገው ጎን ቀልቶ ይታያል፤ ኮምፓይል ስለሚዘለው ተዪው።

4. ረድፍ የሚቆጥር ቫሪያብል ዓይነቱ ሎንግ (ትልቅ ቁጥር የሚይዝ) ይሁን። ኢንቲጀር ከ32,767 አያልፍም፣ ሺቱ ግን 1,048,576 ረድፍ አለው፤ ኮምፓይል ይህንንም አያይልሽም።

የእኛን ሰው ከሁሉ በላይ የሚያንገላታው ግን የአማርኛ ሺት ስም ነው። ኤዲተሩ ዩኒኮድ (አማርኛን ጨምሮ የየቋንቋውን ፊደል የሚይዝ ሥርዓት) አይቀበልም፤ «ደመወዝ» ብለሽ ብትለጥፊበት አራት የጥያቄ ምልክት ይሆናል። በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ለኮምፓይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ያሳልፈዋል፤ ማክሮው ሲሮጥ ኤረር 9፣ «ሰብስክሪፕት አውት ኦቭ ሬንጅ» ይመጣል። የሺቱን ስም ወደ እንግሊዝኛ መቀየር ይቻላል፣ ግን ማንም ከታች ታቡን ሪኔም ባደረገ ቁጥር ማክሮው ይወድቃል። የሚሻለው ኮድኔም ነው። ኤዲተሩ ውስጥ በግራ ካለው ዝርዝር ሺቱን ምረጪ፣ ኤፍ4 ተጫኚ፣ ከላይ በቅንፍ ያለውን «ኔም» በላቲን ፊደል ሰይሚው። ኮዱ ውስጥ ጥቅስ ሳታደርጊ በዚያ ስም ትጠሪዋለሽ፤ ታቡ አማርኛ ሆኖ ይቀራል፣ ማንም ቢቀይረው ግድ የለም። ስሙን ብትስቺ ደግሞ ኦፕሽን ኤክስፕሊሲት ስላለ ኮምፓይል ራሱ ይይዝሻል።

ይህ የሚሠራው ማክሮው ላለበት ፋይል ሺቶች ነው። ሌላ ፋይል ውስጥ ያለ የአማርኛ ሺት ከሆነ ስሙን አንድ ሴል ላይ ጽፈሽ ከዚያ አንብቢው፤ ወይም ቁጥርን ወደ ፊደል በሚቀይረው «ክር-ደብሊው» (ChrW) ፈንክሽን ፊደል በፊደል አያይዢው፦ 4848፣ 4632፣ 4808፣ 4829 ቢደረደሩ ደመወዝ ይሆናሉ። ሜሴጅ ቦክስ ላይ ግን ይህም አያወጣሽም፣ የጥያቄ ምልክት ነው የሚያሳይሽ፤ የአማርኛ መልእክት ከፈለግሽ ትንሽ ዩዘርፎርም ሠርተሽ ሌብል ላይ አውጪው።