የቀኝ ጥጓን የተመታች ሴሊካ

ጥያቄ፦ 1991 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቶዮታ ሴሊካ አለችኝ፤ የፊት መብራቷ የሚነሣና የሚተኛው ዓይነት ናት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎ ቁልቁለት ስወርድ ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ገብታ የቀኝ ጥጓ ተመታ። ያገለገለ ፓራፋንጎ (ከፊት ጎማው በላይ ያለውን የጎን ላሜራ) ከሶማሌ ተራ አስመጥቼ፣ አልገጥም ሲለኝ የብሎኑን ቀዳዳ በሞረድ አስፍቼ አሰርኩት። አሁን ደግሞ ኮፈኑ እምቢ አለ። በግራ በኩል ትንሿ ጣቴ ታልፋለች፣ በቀኝ ምላጭ አያስገባም። የቀኙ መብራት ሲነሣም ኮፈኑን ይፍቀዋል። ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልጨርሳት እችላለሁ? (ከሸዋ በር፣ ደሴ)

መልስ፦ መጀመሪያ ያሰሩትን ፓራፋንጎ ይፍቱት። ቀዳዳው አልገናኝ ያለው ፓራፋንጎው ስለከፋ ሳይሆን የሚታሰርበት ቦታ ስለሸሸ ነው። ኮፈኑ ከኋላ፣ ከመስታወቱ ሥር ባሉት ማጠፊያዎች ስለተያዘ ብዙውን ጊዜ ከቦታው አይንቀሳቀስም። የሄደው ራዲያተሩን የሚይዘው የፊት ላሜራ ነው፤ ከቀኝ ሲመታ ወደ ኋላና ወደ ግራ ተገፍቶ ሁለቱንም ፓራፋንጎ አብሮ ወሰዳቸው። ግራው የሰፋው፣ ቀኙ የጠበበው ለዚህ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ አንድ ሜትር ይበቃል። ሜትሩ እንዳይታጠፍ ራዲያተሩንና ባትሪውን ያውጡ። የፊት አሞርዛተር ከላይ በሦስት ዳዶ ይታሰራል፤ ከግራው አሞርዛተር አንዱን ዳዶ መነሻ አድርገው እስከ ላሜራው የቀኝ ጥግ ይለኩ፣ ከዚያ ከቀኙ ትክክለኛ አቻ ዳዶ እስከ ግራው ጥግ። በርስዎ መኪና የመጀመሪያው ልክ አጥሮ መገኘት አለበት። ልዩነቱ እስከ 3 ሚሊሜትር ከሆነ ይለፉት፤ ከዚያ ከበለጠ ላሜራው መሳብ አለበት። ቀጥሎ ከሥር ገብተው ሁለቱን የሻንሲ ክንዶች፣ ከሞተሩ ግራና ቀኝ ወደ ፊት የተዘረጉትን ወፍራም ብረቶች፣ ይዩ። በተለይ አሞርዛተሩ አጠገብ ብረቱ ከታጠፈ ወይም ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀ የግቢው ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። መሳቢያ ያለው ጋራዥ ይውሰዷት፤ የታጠፈ ክንድ በዓይን ግምት ቢቀና ጎማው ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ክንዶቹ ደህና ከሆኑ ይሳቡ። ሰንሰለቱን ከሌላ መኪና ጋር አስሮ በድንገት መንቀል በየሰፈሩ የሚታይ ነገር ነው፤ ያልተጎዳውን ብረት የሚያጣምመውም እሱ ነው። የእጅ ፓራንኮ፣ ማለትም ሰንሰለት በእጅ ቀስ እያለ የሚስብ መሣሪያ፣ ይጠቀሙ። የመኪናዋን ኋላ በሁለቱም በኩል ከጠንካራ ነገር ጋር ይሰሩ፣ ከጎማዎቹ ሥር ታኮ ያድርጉ። የሚሳበው የላሜራው የቀኝ ጥግ ነው፤ አቅጣጫው ወደ ፊትና ወደ ቀኝ፣ ማለትም የግጭቱ ተቃራኒ። ሰንሰለቱ ላይ ከባድ ብርድ ልብስ ይጣሉበት፣ ማንም ፊት ለፊቱ አይቁም። ሰንሰለቱ እንደተወጠረ የተጨራመተውን ቦታ እንጨት አስደግፈው በመዶሻ በቀስታ ይምቱ፤ ብረቱ የሚፈታው ያኔ ነው። ሲለቁት ስለሚመለስ ከልኩ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር አሳልፈው ይሳቡና ይልቀቁ፣ ይለኩ፣ እንደገና ይሳቡ። በእሳት ማሞቅ አያስፈልግም፤ ብረቱን ያለሰልሰዋል።

ልኩ ሲስተካከል ፓራፋንጎውን መጀመሪያ ከበሩ ጋር፣ ቀጥሎ ከኮፈኑ ጋር ያስማሙ። ብሎኖቹን አላልተው በየክፍተቱ የ4 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ ቁራጭ ይሰኩ፣ ከዚያ ያጥብቁ። በዚህ ጊዜ የኮፈኑ መቆለፊያ መፈታት አለበት፤ ካልሆነ ኮፈኑን ወደ ራሱ እየጎተተ ያሳስትዎታል። መልሰው ሲያስሩት ሁለተኛው መያዣ፣ በጣት የሚለቀቀው፣ ብቻውን ኮፈኑን መያዙን ደጋግመው ይፈትሹ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መስታወትዎን የሚሸፍን ኮፈን አያድርስ ነው።

ኮፈኑን ሲያቀኑ ከውስጥ ያሉትን ጎድጓዳ መስመሮች በፌሮ እንዳያጠናክሯቸው። በግጭት ጊዜ ኮፈኑ መሐሉ ላይ ታጥፎ ወደ ሹፌሩ እንዳይገባ ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው። የሚጣፍ ቦታ ካለም የቤት ቆርቆሮ አይበየድበት፤ ስስ ከመሆኑ በላይ የዚንኩ ጭስ ያሳምማል።

መብራቱን በእጅ ለማንሣት፣ መብራቱን በሚያነሣው ትንሽ ሞተር ላይ፣ ከጎማ ክዳን ሥር፣ የሚዞር እጀታ አለ። ፊውዙን ሳይነቅሉ እጅዎን አያስገቡ። ያገለገለ መብራት ከገዙ በመንገዱ ግራ በኩል ከሚነዳበት አገር፣ ለምሳሌ ከጃፓን፣ የመጣ አለመሆኑን ይጠይቁ፤ የዚያ አጭር መብራት ወደ ግራ ከፍ ስለሚል እዚህ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይመታል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ላይ ስቱኮው (የላሜራ መሙያው) አልደርቅ ስላለኝ ሃርድነር (ማድረቂያ) ጨመርኩበት። ነጭ ቀለም ከተቀባ በኋላ ቢጫ ነጠብጣብ ወጣ። እንደገና ብቀባው ይጠፋል? (ከደሴ)

መልስ፦ አይጠፋም። የተረፈው ሃርድነር ቀለሙን እየበላ ነው፤ ስንት ጊዜ ቢቀቡት ያልፋል። እስከ ብረቱ ፍቀው እንደገና ይጀምሩ። ልኩ ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ሃርድነር ነው። ቅዝቃዜ ከሆነ ሃርድነር አይጨምሩ፤ ጣሳውን ማታ ቤት ያሳድሩ፣ ሥራውን ረፋድ ላይ ብረቱ ፀሐይ ከነካው በኋላ ይጀምሩ። ውፍረቱ ከ3 ሚሊሜትር አይብለጥ። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምረው 120፣ 180 እያሉ በደረቁ ይፈግፍጉ። ስቱኮ ውሃ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፤ ውሃው በኋላ ቀለሙን ያሳብጠዋል። በውሃ መፈግፈግ የሚቻለው ፕራይመሩ ከደረቀ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ቀለሙን ደሴ ልቀባ ወይስ ኮምቦልቻ? (ከፒያሳ፣ ደሴ)

መልስ፦ ኮምቦልቻ። ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል በ4 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። የደሴ ጉም ባለበት ቀን ናይትሮ የሚባለው ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ከተረጨ ቀለሙ ነጭ ጭጋግ ለብሶ ይቀራል። ሃርድነር ያለው ቀለም ከሆነ ደግሞ በጨርቅ ጭምብል እቤት አይርጩት፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፣ ለቀላሚ ይስጡት። የቀለሙ ቁጥር ኮፈኑ ውስጥ ወይም በሹፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ አለ፤ 040 ነጭ ነው፣ 202 ጥቁር።

ወደ ደሴ ሲመለሱ ሙቀት ማሳያውን ይከታተሉ። ደሴ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። በግጭቱ አፉ የተጣመመ ራዲያተር ክዳኑ አዲስ ቢሆንም ግፊት አይዝም፤ ዳገቱ ሳይጋመስ ይፈላል።